ከሆስፒታል መልስ፦ ስትሮክና የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያደከመው አካል እንዴት ሥራ ይለምዳል

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸኮ፣ በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ፣ ስትሮክ የመታው ሰው ሕይወቱ ከተረፈ ሆስፒታል የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት ነው። የደም ግፊቱ ሲረጋጋ መድኃኒት ይጻፍለትና ዘመድ ደግፎት መኪና ላይ ይወጣል። ቤት ሲደርስ መኝታው ተነጥፎ ይጠብቀዋል። ጎረቤት «እግዜር ይማርህ» ሊል ይመጣል፤ ሚስቱ ታጎርሰዋለች፤ ልጆቹ ያለብሱታል፣ ያጥቡታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ስለሚወዱት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የደከመው አካል የሚያገግመው ባለቤቱ ሲሠራበት ሆኖ ሳለ ሥራውን በሙሉ ሌላ ሰው ይሠራለታል።

ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት ለአስታማሚዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በየጤና ጣቢያው ላሉ ነርሶች ነው። አብዛኛው ስለ ስትሮክ ነው። ከፊሉ ደግሞ በቡናና በማር አገራችን ስለማይጠፋው፣ ከዛፍ ወድቆ ኅብለ ሰረሰር ስለ መጎዳት ነው።

እጁ አልሞተም

ስትሮክ የሚባለው በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ተደፍኖ ወይም ፈንድቶ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ግራው የአንጎል ክፍል ከተጎዳ ቀኝ እጅና እግር ይደክማሉ፤ ቀኙ ከተጎዳ ደግሞ ግራው። እዚህ ላይ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ የክንዱ ጡንቻ፣ አጥንትና መገጣጠሚያ በመጀመሪያው ቀን ጤነኛ ናቸው። የጠፋው ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው። ጡንቻው የሚሟሽሸው፣ መገጣጠሚያውም የሚደርቀው በኋላ፣ ሳይንቀሳቀሱ ሲከርሙ ነው። ያንን ደግሞ መከላከል ይቻላል።

የሞተ የአንጎል ሕዋስ አይመለስም። ሆኖም በዙሪያው ያሉት፣ አንዳንዴም በሌላኛው ወገን ያሉት ሕዋሳት የሞተውን ሥራ በከፊል መረከብ ይችላሉ። የሚረከቡት ግን ተለማምደው ነው። ሰውየው ልጅ ሳለ ጉርሻ ወደ አፉ ማድረስን የተማረው ደጋግሞ እየሳተ ነበር፤ አሁንም የሚማረው በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ አስታማሚ አካሉን ቢያሸው፣ ቢያንቀሳቅስለት መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳል እንጂ እንቅስቃሴውን አይመልስለትም። ትእዛዙ ከራሱ ከታማሚው አንጎል መውጣት አለበት። ጣቱ ባይንቀሳቀስ እንኳ ለማንቀሳቀስ መሞከሩ በራሱ ልምምድ ነው።

ለውጡ በጣም የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ይዘገያል፤ ስድስት ወር ሞላው ተብሎ ግን በሩ አይዘጋም። ከዓመት በኋላም በልምምድ ጥሩ ለውጥ ያገኙ ሰዎች አሉ። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በመኝታ ማሳለፍ በኋላ በቀላሉ የማይካስ ኪሳራ ነው።

እረፍቱ እስከ መቼ?

«ገና ደካማ ነው፣ ይረፍ» የሚለው ምክር በየቤቱ ይሰማል። ከፊሉ እውነት አለው። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች መሪነት በአምስት አገሮች 2,104 ታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ ነበር። ስትሮክ በመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እየተነሱ ብዙ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት፣ እንደ ተለመደው ቀስ ተብሎ ከጀመሩት ይልቅ ውጤታቸው በመጠኑ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ታማሚውን ማጣደፍ አያስፈልግም፤ መቼ ይነሳ የሚለውን የሚያክመው ባለሙያ ይወስን።

ከዚህ ጥናት ተነስቶ ግን ለሳምንታት ይተኛ ማለት አይቻልም። ተጋድሞ መክረም ሳንባ ምች ያመጣል፤ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች እንደተዘረጋ ደርቆ ይቀራል፤ መቀመጫና ተረከዝ ላይ ቁስል ያወጣል። ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ በአጭር በአጭሩ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይቀመጥ። ምግቡን ተቀምጦ ይብላ፤ ጠያቂም ሲመጣ ተቀምጦ ያጫውት።

ሲተኛ የደከመው ክንድ ከጎኑ ተጣጥፎ ወይም ከሥሩ ገብቶ እንዳይቀር፣ በታጠፈ ጋቢ ወይም በትራስ ላይ ዘርግታችሁ አሳርፉት። አልጋው ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ከሆነ ሰው የሚመጣበት፣ በሩም ያለበት ወገን በደከመው ጎኑ በኩል እንዲሆን አዙሩት። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው የደከመውን ወገን ይዘነጋዋል፤ ከዚያ በኩል ሰላምታና ወሬ ሲመጣለት ግን ፊቱን ለማዞር ይገደዳል።

ትከሻውን አትጎትቱ

ይህን ለብቻው የማነሳው በየቀኑ የሚሠራ ስህተት ስለሆነ ነው። የትከሻን አጥንት በቦታው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። እነርሱ ሲላሉ ክንዱ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በዚህ ጊዜ ሰውየውን በብብቱ ገብቶ ማንሳት ወይም እጁን ይዞ መጎተት መገጣጠሚያውን ይጎዳል። በኋላ የሚመጣው የትከሻ ሕመም እንቅልፍ ይነሳል፤ ታማሚውም እጁን ማስነካት ስለማይፈልግ ልምምዱ ሁሉ ይቆማል።

ወደ ወጌሻ መውሰድም እንዲሁ በጥንቃቄ ይታይ። ወጌሻ የወለቀ ቁርጭምጭሚት በመመለስ የተመሰገነ ሊሆን ይችላል፤ ስትሮክ የመታው ክንድ ግን የወለቀ አጥንት አይደለም፤ በኃይል ቢታሽና ቢጠመዘዝ የሚመለስ ነገር የለም። የጋለ ድንጋይ ወይም በፍም የሞቀ ጨርቅ የሚያሳርፉበትም አሉ። የደከመው ወገን ሙቀት የማይሰማው ከሆነ ቆዳው ሲቃጠል ባለቤቱ «በቃ» አይልም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ልምምዱን ሳይተው፣ ሲወጣና ሲወርድም እንዳይጎተት።

ከመቀመጫ መነሳት

ሰው ቤት ውስጥ አንድ ልምምድ ብቻ የሚሠራ ቢሆን እኔ የምመርጥለት ተቀምጦ መነሳትን ነው። መጸዳጃ ቤት ለመሄድም፣ በር ድረስ ለመውጣትም፣ እንግዳ ተነስቶ ለመቀበልም የሚጀመረው ከዚያ ነው።

በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለጤነኛ ሰውም ጉልበት ይጠይቃል። ከአልጋ ጫፍ ወይም ከፍ ካለ አግዳሚ ይጀምር፤ ጉልበቱ ሲጠና ወደ ዝቅተኛው ይውረድ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይርገጡ፤ ተረከዞቹ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይግቡ። የደከመው እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ እንዳይቀር አስተካክሉለት፤ ከቀረ ሸክሙን ሁሉ ጤነኛው እግር ይወስደውና የደከመው ምንም ሳይማር ይውላል። አሁን ከወገቡ ወደ ፊት ያጎንብስ። አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች ሲያልፍ መቀመጫው ለመነሳት ይቀለዋል። ብዙዎች የሚያቅታቸው ጉልበት አንሷቸው ሳይሆን ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሽቅብ ለመነሳት ስለሚታገሉ ነው።

የሚረዳው ሰው በደከመው ወገን ይቁም። እጁን ሳይሆን ወገቡ ላይ የተጠመጠመውን መቀነት ይያዝ፤ አስፈላጊ ከሆነ በራሱ ጉልበት የታማሚውን ጉልበት ከፊት ይደግፍ። ሲቀመጥም ዱብ እንዳይል፣ በዝግታ ይውረድ። አምስት ጊዜ ሠርቶ ይረፍ፣ ይድገም፤ ከየምግቡ በፊት አንድ ዙር ቢደረግ በቀን ብዙ ይሆናል። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ይቁም፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

ለመራመድ የሚሆነውን መደገፊያ ከከተማ መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ አጣና በወገብ ከፍታ፣ ሰው በመካከላቸው በሚያልፍበት ስፋት፣ በግቢ ውስጥ በባላ ላይ ማጋደም ይበቃል። ቀርከሃ ባለበት ቀርከሃ ይሆናል፤ ሰው ተደግፎት እንዳይሰበር መጀመሪያ አንድ ጎልማሳ ተንጠልጥሎ ይሞክረው። የእኛ አገር ዝናብ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚይዝ ግቢው ያንሸራትታል፤ ከመካከሉ ጠጠር ወይም ገለባ አልብሱበት። ከቤት እስከ መጸዳጃ ቤት ያለውን መንገድም በአንድ በኩል አጥር ሠርታችሁ መያዣ አድርጉለት። ቁጢጥ ማለት ለማይችል ሰው መካከሉ የተቀደደ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህን ዕድሩ በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሰው ይችላል፤ ከጥየቃም የሚበልጥ እርዳታ ነው።

ሰፌድ ላይ ያለ ቡና

እጅ ከእግር ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው፤ ቤተሰብም ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው በእጅ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ታውብ ለዓመታት ያጠናው ነገር ይኸው ነበር፦ ሰው በደከመው እጁ ሞክሮ ሲያቅተው ጤነኛውን ብቻ መጠቀም ይለምድና የደከመው ያለችውን አቅም ጭምር ሳይጠቀምባት ይቀራል። መፍትሔ ብሎ ያመጣው ጤነኛውን እጅ በጓንት ሸፍኖ የደከመውን ለሁለት ሳምንት በብዛት ማሠራት ነው። በዚህ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ከስትሮክ በኋላ ከ3 እስከ 9 ወር የቆዩ 222 ሰዎችን አሳትፎ ግልጽ መሻሻል አሳይቷል። ዘዴው የሚሠራው ግን አንጓውንና ጣቶቹን ጥቂትም ቢሆን መዘርጋት ለሚችል ሰው ነው። ሚዛኑን መጠበቅ የሚቸገር ታማሚ ቆሞ ሲሄድ ጤነኛ እጁ መታሰር የለበትም።

የሸኮ የቡና ገበሬ እጅ ምን እንደሚያውቅ እናስብ። በብርሃነ ኮንትር ጫካ ውስጥ ቅርንጫፉን በግራ እጁ ጎንበስ አድርጎ፣ ከአረንጓዴው መካከል የቀላውን ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ፣ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጎ ይለቅማል። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል። እንግዲህ ለዚህ ሰው የጎማ ኳስ ጨብጥ ከማለት የደረቀ ቡና ሰፌድ ላይ አፍስሶ ማቅረብ ይሻላል። በመጀመሪያ እፍኝ አድርጎ ከሰፌድ ወደ ሳህን ይገልብጥ። ሲሻለው አንድ አንድ ፍሬ እያነሳ ጥሩውን ከተነቀዘው ይለይ። ፍሬው ከጣቱ እያመለጠ ሲወድቅ አታንሱለት፤ ራሱ ጎንበስ ብሎ ይፈልገው። ቴፒ ላይ ቁንዶ በርበሬ የሚለቅሙም ዘለላውን እንዲሸለቅቁ ማድረግ ይቻላል። በወፍጮ የምትፈጭ፣ ጥጥ የምትፈትል እናት ደግሞ የራሷ ልምድ አላት። ሥራው የሚያውቁትና ውጤቱ የሚታይ ሲሆን ሰው ሳይሰለች ይደጋግማል፤ መደጋገሙ ነው የሚፈለገው።

ጣቱ ምንም ለማይከፈትለት ሰው ደግሞ ሁለቱን እጆች አቆላልፎ ገበታ ላይ ጨርቅ መግፋት፣ ጠረጴዛ መወልወል፣ ጤነኛው እየመራ ሰፌዱን በሁለት እጅ መያዝ አለ። ማንኪያውንም አትቀሙት። ቢያፈስም ይብላ፤ ልብስ ይታጠባል።

ቤተሰብ ብቻውን ይበቃል ወይ?

አይበቃም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። በሕንድ 14 ሆስፒታሎች ውስጥ 1,250 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። የቤተሰብ አባል ሆስፒታል ውስጥ ሰልጥኖ ቤት ሲመለሱ ልምምዱን እንዲያሠራ ተደረገ። ከስድስት ወር በኋላ የሞቱት ወይም በሰው እጅ የቀሩት ሰዎች ድርሻ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ጋር እኩል ሆነ። የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያ እጥረት ላለባቸው አገሮች ይህ ልብ የሚሰብር ውጤት ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው ቤተሰብ አይጠቅምም ማለትን ሳይሆን፣ ለጥቂት ቀናት አሳይቶ «በሉ እንግዲህ» ብሎ መሸኘት አለመብቃቱን ነው። ልምምዱ እንደ ታማሚው ለውጥ በየጊዜው መከለስ፣ መክበድም መቀየርም አለበት፤ ያንን የሚያየው ባለሙያ ነው።

ባለሙያው ግን ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አንዳንድ አገሮች ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ከ10 ያነሱ የተሐድሶ ባለሙያዎች ናቸው ያሉት። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ በየቤቱ የሚዘልቅ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሥራም አለው። ለደቡብ ምዕራቡ ሰው ቅርቡ አማን የሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጉዳይ ወደ ጅማ ወይም ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወዳለው አዲስ አበባ ያስኬዳል። ግማሽ አካሉ የደከመን ሰው በየሳምንቱ ይህን መንገድ ማመላለስ አይታሰብም።

ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ልምምዱ ሲሠራ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ሲያስነሱት የት እንደሚይዙት፣ እግሩን የት እንደሚያስቀምጡት በደንብ ይታይ። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ሩቅ ከሆነባችሁም በስልክ ማንን እንደምትጠይቁ አጽፉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ያንን ቪዲዮ ትየው። እርሷ ፊዚዮቴራፒስት አይደለችም፤ ነገር ግን በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞረው እርሷ ናት፤ ትከሻው እያበጠ እንደሆነ፣ ቁርጭምጭሚቱ እየደረቀ እንደሆነ ቀድማ የምታየውም እርሷ ናት። በጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና ውስጥ ይህ ሥራ ሰፋ ያለ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከዛፍ የወደቀ ሰው

በሸኮ፣ በሸካና በካፋ ቀፎ የሚሰቀለው ረጃጅም የጫካ ዛፎች ላይ ነው። የማር ቆረጣው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው፤ ገመድ ይበጠሳል፣ እርጥብ ግንድ ያንሸራትታል። የወደቀው ሰው እግሩን ማንቀሳቀስ ካቃተው ወይም አንገቱንና ጀርባውን ካመመው አታስቀምጡት፣ በጀርባችሁም አትዘሉት፣ ሞተር ላይም አታፈናጡት። የተሰበረው አጥንት ያልተቆረጠውን ኅብለ ሰረሰር በመንገድ ላይ ሊቆርጠው ይችላል። አራት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ ራሱን ይዞና እርሱ እያዘዘ፣ ራስ፣ ትከሻ፣ ዳሌና እግር እኩል ሳይጠማዘዙ ወደ ሳንቃ ወይም ወደ ጠንካራ ቃሬዛ አዙሩት። ከራሱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ልብስ አድርጉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወት ለማወቅ አበበ ቢቂላን ማስታወስ ይረዳል። የሮምና የቶኪዮ ማራቶን አሸናፊው አበበ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሸኖ አጠገብ መኪናው ተገልብጣ አካሉ ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ 8 ወር ያህል ታከመ። ያንን የኅብለ ሰረሰር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 የከፈተው ሉድቪግ ጉትማን ነበር። ከእርሱ በፊት እንዲህ የተጎዱ ሰዎች አብዛኞቹ በመኝታ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። ጉትማን የጀመረው በተአምር መድኃኒት ሳይሆን ታማሚውን ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ በማገላበጥ፣ ሽንቱን በንጽሕና በማስወጣትና ቶሎ ወደ ሥራና ወደ ስፖርት በመመለስ ነው። እርሱ የጀመረው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታም በመጨረሻ ፓራሊምፒክ ሆነ፤ የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ፣ አበበ በባዶ እግሩ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን ነው።

አበበ እግሩ አልተመለሰም። እጆቹ ግን ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ የሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። «ፊዚዮቴራፒ ምን ሠራለት፣ አልሄደም እኮ» የሚል ጥያቄ በየቤቱ ለሚያሰማ ሰው መልሱ እዚህ አለ። መለኪያው መሄድ ብቻ አይደለም። ራሱን መመገብ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር በእጁ ተሸጋግሮ መቀመጥ፣ ገበያ ላይ ቡና መመዘንና መሸጥ፣ ልጅ ማሳደግ የተሐድሶ ውጤቶች ናቸው።

ቤት ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡን ተራ ገብታችሁ ሥሩት። ጠዋትና ማታ መቀመጫውን፣ ዳሌውንና ተረከዙን በብርሃን እዩ፤ ተጭናችሁት የማይጠፋ መቅላት ወይም ጥቁረት ካለ በዚያ ወገን ከመተኛት ይከልከል። ዊልቸር የሚያገኝ ሰው ወፍራም መቀመጫ ያድርግበት፤ ተቀምጦም በየጊዜው በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ከፍ ያድርግ። ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል እግሩን ከምድጃ አርቁለት።

መዋጥና መናገር

ስትሮክ የመታው ሰው ተጋድሞ ውኃ አይጠጣ። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ትንሽ በትንሹ ይቅመስ፤ ካሳለው ወይም ድምፁ ከተለወጠ አቁሙና ባለሙያ ጠይቁ። ቀጭን ፈሳሽ ለመዋጥ ከሁሉም ይከብዳል፤ ላላ ያለ ገንፎ ወይም የተፈጨ ጎደሬ ለብዙዎች ይቀላል።

መናገር ያቃተው ሰው መስማትና መረዳት አቅቶታል ማለት አይደለም። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስለ እርሱ እንደሌለ ሰው አታውሩ። በአካባቢያችን ሰው ቤቱ በሸክኛ ወይም በቤንችኛ አፉን ፈትቶ ገበያ ላይ አማርኛ ይናገራል፤ አንዱ ቋንቋ ከሌላው ቀድሞ ሊመለስለት ይችላል። በአማርኛ አልመልስ ቢላችሁ በአፍ መፍቻው ሞክሩት። ጊዜ ስጡት፤ ቃሉን ከአፉ ቀድማችሁ አትጨርሱለት።

ሁለተኛው እንዳይመጣ

አንዴ ስትሮክ የመታው ሰው በድጋሚ ሊመታው ይችላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ልፋት ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ የሚቆም አይደለም። ወጡ ላይም፣ ከቡና ቅጠል በቅመም የሚፈላው ጨሞ ላይም ጨው ቀንሱ። ግፊቱ በጤና ጣቢያ በየጊዜው ይለካ።

ፊቱ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ድንገት ከዛለ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ምች ነው ነፋስ ነው ሳትሉ የዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሐኪሙ ቀድሞ ከሚጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።